ተደራራቢ ጨዋታ ሲመጣ፦ ተጫዋች የማፈራረቅ መመሪያ ለደጋው ወሎ አሰልጣኞች

የመካነ ሰላም፣ የአቀስታ፣ የአጅባር ወይም የከላላ ቡድን አሰልጣኝ ከሆኑ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። የውድድር ወቅቱ የሚከብድብዎ እንደ አውሮፓ ክለቦች በዓመት ስድሳ ጨዋታ ስላለብዎ አይደለም። ማክሰኞና ሐሙስ እየተለማመደ፣ በሳምንት አንዴ እየተጫወተ የከረመ ቡድን ድንገት ደሴ ወይም ሌላ አስተናጋጅ ከተማ ተጠርቶ በዐሥር ቀን ውስጥ አራትና አምስት ጊዜ ሜዳ ስለሚገባ ነው። አዘጋጁም ወዶ አያደርገውም፤ የመኝታ፣ የምግብና የአበል ወጪ በቀን ስለሚቆጠር ውድድሩ ቶሎ ማለቅ አለበት። ጫናው የሚያርፈው ግን በተጫዋቹ እግር ላይ ነው።

ትልቁ ሊግም ይህን መንገድ ከያዘ ቆይቷል። በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ወደየሜዳቸው መመላለሱን ትተው በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተሰባሰቡ ተጫወቱ። ፋሲል ከነማ በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ ዋንጫውን ያነሳው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላም በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ በየጥቂት ቀኑ መጫወት ቀጠለ። ልዩነቱ እነሱ ሆቴል፣ ሐኪምና ሃያ አምስት ደሞዝተኛ ተጫዋች አላቸው። እኛ ያለን የትምህርት ቤት ክፍል ወይም ርካሽ አልጋ፣ አንድ ወጌሻና ከተማሪው፣ ከመምህሩ፣ ከባጃጅ ሹፌሩ የተውጣጣ ቡድን ነው። ስለዚህ ማፈራረቅ ለእኛ ከእነሱ ይልቅ ያስፈልገናል፤ የሚወሰነውም ጨዋታው በሚደረግበት ጠዋት ሳይሆን ከሳምንታት በፊት ነው።

ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሞ በወጣ አንድ ጥናት የአንድ ትልቅ የአውሮፓ ክለብ ተጫዋቾች ለሁለት የውድድር ዘመናት ተከታትለዋል። በሳምንት አንድ ጨዋታ ሲያደርጉ በ1000 ሰዓት የሚደርሰው ጉዳት 4.1 ነበር፤ በሳምንት ሁለት ሲያደርጉ 25.6 ሆነ። ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ይበልጥ የሚገርመው የተጫዋቾቹ የሩጫ ርቀትም ሆነ ፍጥነት አለመቀነሱ ነው። ሜዳ ላይ ሲታዩ ደህና ነበሩ። «ልጁ እኮ ምንም አልሆነም፣ እየሮጠ ነው» የሚለው የዓይን ፍርድ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስንቅ ከአንድ ሙሉ ጨዋታ በኋላ ለመሙላት ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህም በደንብ ለበላና ለተኛ ሰው ነው።

መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያውን ይሥሩ

አንድ ትልቅ ወረቀት ይውሰዱና ከመስከረም እስከ ሰኔ ያሉትን ሳምንታት ያስምሩ። ፌዴሬሽኑ ያሳወቀውን የውድድር ቀን በአንድ ቀለም ያስገቡ፤ ያልተረጋገጠውን በእርሳስ። ብዙ አሰልጣኝ እዚህ ላይ ያቆማል። በእኛ አገር ተጫዋቹን የሚያደክመው ግን ጨዋታ ብቻ ስላልሆነ በሁለተኛው ቀለም ኑሮውን ያስገቡ።

ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውድማ ነው። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣው ተከላካይዎ ሳምንቱን ሙሉ ሲያጭድና ነዶ ሲሸከም ሰንብቶ ቅዳሜ ከመጣ፣ ልምምድ ባይመጣም አላረፈም። ወገቡና የጭኑ ጀርባ የደከመ ሰው ነው። በልግ የሚያርሱ ቤተሰቦች ካሉት ደግሞ የጥርና የየካቲት እርሻ አለ። የትምህርት ቤት ፈተና፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላምና የቱሉ አውሊያ ተማሪዎች የሚወጡበትና የሚገቡበት ጊዜ በዚሁ ወረቀት ላይ ይስፈር። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ሁለት አማካይ አብሮ የሚሄድብዎ ከሆነ ይህን በኅዳር ማወቅ ይሻላል፤ በየካቲት ሲደርስ መፍትሔ አይገኝም።

በዓላትንም አይርሱ። የጥምቀት ከተራ ሌሊቱን ቆሞ፣ በማግስቱ ታቦት አጅቦ ሲጨፍር የዋለ ልጅ በሦስተኛው ቀን ዘጠና ደቂቃ አይሮጥም። የመውሊድ ዋዜማም እንዲሁ። ልጁን ከበዓሉ አይከልክሉት፤ ቀኑን ያውቁታልና አሰላለፉን ያስተካክሉ።

በመጨረሻ ፆሞቹን ያስምሩ። እነሱ ሰፋ ያለ ነገር ስለሚፈልጉ ወደ ታች እመለስባቸዋለሁ።

የስም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ያስተካክሉ

ቴሴራ ከማውጣትዎ በፊት ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ስም ይጻፉ። የሁለተኛው ስም ቦታ ባዶ የቀረበትን ያክብቡ፤ ችግርዎ እዚያ ነው። በብዛት የሚከበበው የግራ መስመር ተከላካይ ነው፤ ግራ እግረኛ ጥቂት ነውና። አዲስ ተጫዋች ለመፈለግ ገንዘብ ከሌለ ካሉት አንዱን ያሰልጥኑ፤ በወዳጅነት ጨዋታ ላይ እየሞከሩ ሁለት ቦታ የሚጫወቱ አራት ልጆች ያውጡ። እነዚህ አራቱ ከአንድ ጥሩ አጥቂ ይልቅ ይጠቅማሉ።

ሁለተኛው በረኛ ቢያንስ ሁለት እውነተኛ ጨዋታ ይኑረው። በረኛ ስለማይደክም አይፈራረቅም፤ የመጀመሪያው ቀይ ካርድ ያየ ቀን ግን ሁለተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ መግባት የለበትም።

ደብተር ይያዙ

ስለ ማፈራረቅ ከምነግርዎ ሁሉ በጣም የሚረዳው ሃያ አራት ገጽ ያለው የትምህርት ቤት ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጽ ይስጡና ደቂቃውን ይጻፉ። የክለቡን ብቻ አይደለም፤ የተጫወተበትን ሁሉ። እንዲህ ያለ ገጽ ያስቡ፦

7 ቁጥር፣ የቀኝ መስመር። ሐሙስ ለትምህርት ቤቱ 70 ደቂቃ። ቅዳሜ ለክለቡ 90 ደቂቃ፣ ድካም 8። እሑድ ለቀበሌው 45 ደቂቃ። እንቅልፍ ጥሩ አይደለም። የቀኝ ጭኑ ጀርባ ከብዶታል።

በአራት ቀን 205 ደቂቃ። እርስዎ የሚያውቁት 90ውን ብቻ ነበር። ጎበዝ ልጅ በሁሉም ይፈለጋል፤ የስፖርት መምህሩ ይፈልገዋል፣ ቀበሌው ይፈልገዋል፣ ጓደኞቹም ከሰዓት በኋላ በሚደረገው የብር ጨዋታ ይፈልጉታል። እሱ ደግሞ እምቢ ማለት ያፍራል። ደብተሩን ይዘው መምህሩ ጋ ይሂዱና በአክብሮት ይነጋገሩ፦ «መምህር፣ ይህ ልጅ የእርስዎም የእኔም ነው። ሐሙስ እርስዎ ካጫወቱት እኔ ቅዳሜ ግማሹን ብቻ አጫውተዋለሁ፤ ቅዳሜ ወሳኝ ከሆነብኝ ደግሞ ሐሙስ ይተዉልኝ።» አብዛኛው መምህር ቁጥሩን ሲያይ ይስማማል።

«ድካም 8» ያልኩት ቀላል ዘዴ ነው። ጨዋታው ካለቀ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ተጫዋቹን ለብቻው ይጠይቁት፦ ከ0 እስከ 10 ድካምህ ስንት ነው? 0 እንደ ዕረፍት ነው፤ 10 ከዚህ በላይ አልችልም ማለት ነው። በጓደኞቹ ፊት ከተጠየቀ ሁሉም «አራት» ይላል፤ ስለዚህ ለብቻው። ከዚያ ቁጥሩን በደቂቃው ያባዙ። 90 ደቂቃ በ8 ሲባዛ 720 ነው፤ ተቀይሮ ገብቶ 30 ደቂቃ በ6 የተጫወተ 180። የሳምንቱን ይደምሩ። የዚህ ሳምንት ድምር ካለፉት አራት ሳምንታት አማካይ በግማሽ ያህል ከበለጠ፣ ያ ልጅ በሚቀጥለው ጨዋታ ላይ መቀመጥ ወይም አጭር ደቂቃ መጫወት አለበት። ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ ማንን መጠየቅና ማንን መመርመር እንዳለብዎ ግን ያሳይዎታል።

ምርመራውም መሣሪያ አይፈልግም። በማግስቱ ጠዋት ልጁን በጀርባው ያስተኙት፣ ጉልበቱን አጥፎ እግሩን መሬት ላይ ያሳርፍ፣ በሁለቱ ጉልበቶቹ መካከል ኳስ ያስገቡና በኃይል እንዲጨምቃት ይንገሩት። ብሽሽቱን ካመመው ወይም ትናንት ከጨመቃት ያነሰ ከሆነ ዛሬ አይሰለፍም። የጭኑ ጀርባ ሲዘረጋ የሚቆጠቁጠውም እንዲሁ። ወጌሻዎ ይህን በየጠዋቱ በሃያ ደቂቃ ለሁሉም ይጨርሰዋል።

ማንን ይቀይራሉ? ስንት?

ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው ሦስት ወይም አራት ሰው ይቀይሩ። ስምንት ሰው በአንዴ የሚቀይር አሰልጣኝ ሁለት ቡድን ፈጥሯል፤ ሁለተኛውም ቡድን «ሁለተኛ» መሆኑን ያውቃል፣ እንደዚያው ይጫወታል። አንድም የማይቀይር ደግሞ በአራተኛው ጨዋታ 70ኛው ደቂቃ ላይ ሦስት ሰው በቃሬዛ ያወጣል።

ቦታዎች እኩል አያደክሙም። በረኛውና ሁለቱ የመሐል ተከላካዮች መናበብ ስለሚኖርባቸው፣ ሩጫቸውም አጭር ስለሆነ በተቻለ መጠን አይነኩ። የመሐል አማካዮች ከሁሉ የበለጠ ርቀት ይሸፍናሉ፤ አንዱን ሲያሳርፉ ሌላውን ያቆዩ። መስመር ላይ ያሉት፣ ተከላካዮቹም አጥቂዎቹም፣ በሙሉ ፍጥነት ብዙ ጊዜ ስለሚሮጡ የጭን ጡንቻ ጉዳት የሚበዛው በእነሱ ላይ ነው። ማፈራረቅዎ የሚጀምረው ከእነዚህ ነው። ነገር ግን በአንድ በኩል ያለውን ተከላካይና ከፊቱ ያለውን አጥቂ በአንድ ቀን አይቀይሩ። ሁለት አዲስ ሰው ጎን ለጎን ሲሰለፍ ማን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚሸፍን እስኪግባቡ ተጋጣሚ በዚያ በኩል ሁለት ግብ ያገባል። ዛሬ የቀኙን ተከላካይና የግራውን አጥቂ፣ በሚቀጥለው የግራውን ተከላካይና የቀኙን አጥቂ።

እኔ የምከተለው ሕግ ይህ ነው፦ ከበረኛና ከመሐል ተከላካይ በቀር፣ በሰባት ቀን ውስጥ ሦስት ጨዋታ የሚጀምር ተጫዋች ቢያንስ በአንዱ ላይ ከ60ኛው ደቂቃ በፊት ይወጣል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሦስት ሙሉ ጨዋታ በሳምንት በጭራሽ አይጫወትም፤ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ምንም ያህል ደጋፊው ቢጮህ። ገና እያደገ ያለ አጥንትና ጅማት ነው፤ የአንድ ዋንጫ ጉጉት የልጁን ዕድሜ ልክ ጉልበት ሊበላ አይገባም። ከጉዳት የተመለሰ ደግሞ መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ቀጥሎ አንድ አጋማሽ፣ ከዚያ ሙሉውን።

በሦስት ጨዋታ ያስቡ

ምድብዎ አራት ቡድን ካለው ሦስቱን አሰላለፍ በአንድ ወረቀት ላይ በአንድ ጊዜ ይጻፉ። ብዙዎች ጠንካራውን ቡድን «ለወሳኙ ጨዋታ» ብለው ለመጨረሻ ያቆያሉ። በአጭር ውድድር ይህ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ወሳኙ የመጀመሪያው ነው፤ ጉልበት ሙሉ በሆነበት ቀን ሦስት ነጥብ ከያዙ በሁለተኛው አራት ሰው የማሳረፍ ነፃነት ያገኛሉ። ተሸንፈው ከጀመሩ ግን ሁለተኛውም ሦስተኛውም ጨዋታ የሞት ሽረት ይሆንና ማንንም ማሳረፍ አይችሉም። ሦስተኛውን አሰላለፍ በእርሳስ ይጻፉት።

የቢጫ ካርድ ደንቡን ከውድድሩ ኮሚቴ በጽሑፍ ይቀበሉ። አንድ ካርድ ያለበትና የደከመ ተጫዋች ለማሳረፍ የመጀመሪያው ዕጩ ነው፤ የደከመ ሰው ዘግይቶ ይደርሳል፣ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ይጠልፋል።

ቅያሪውን አስቀድመው ይወስኑ

አምስት ተጫዋች የመቀየር ፈቃድ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ለጊዜው መጣ፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. የጨዋታ ሕግ አውጪው አካል ቋሚ አደረገው። ጨዋታው የሚቋረጠው ግን ለሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ የዕረፍት ሰዓቱ አይቆጠርም። የእርስዎ ውድድር አምስት ይፍቀድ ሦስት ከመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይጠይቁ። አምስት ከሆነ ሁለቱን ለ60ኛው ደቂቃ፣ አንዱን ለ70ኛው ያቅዱ፣ ሁለቱን ለጉዳት ያቆዩ። በዕረፍት ሰዓት የሚደረገው ቅያሪ ማቋረጫ ስለማይበላ ይጠቀሙበት።

ተቀያሪዎቹ ጃኬት ይልበሱ። በደጋ ነፋስ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ የቆየ እግር ሁለት ደቂቃ ዘሎ ቢገባ ይቀደዳል፤ ሙሉ ዐሥር ደቂቃ ይሟሟቅ። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ያልገቡትንና ጥቂት ደቂቃ የገቡትን ወዲያው እዚያው ሜዳ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ ያስሩጧቸው። ይህን የሚያደርግ ቡድን በአካባቢያችን ብዙ አላየሁም፤ ነገር ግን የማፈራረቅ ግማሹ ሥራ ይህ ነው። ሦስት ጨዋታ ተቀምጦ የከረመ ልጅ በአራተኛው ላይ ቢሰለፍ ያረፈ ሳይሆን ኮንዲሽኑ የወረደ ተጫዋች ነው።

ፆምና አሰላለፍ

ወሎ ነንና ቡድናችን ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። ይህ ለማፈራረቅ የሚረዳ ነገር ነው፤ ረመዳንና ዐቢይ ፆም በተለያዩባቸው ዓመታት አንዱ ሲፆም ሌላው ደቂቃውን ይሸከማል፣ በተራው ደግሞ ይመለስለታል። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያለማንም ነጋሪ ይህን ያደርጉታል። የሚቸግረው ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ፆም የካቲት 17 ሲገባ ረመዳን የካቲት 22 ጀመረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሸክሙን የሚቀበል ሌላ ግማሽ ስለሌለ መፍትሔው ሰዓቱንና ደቂቃውን ማስተካከል ነው።

መጀመሪያ የጨዋታውን ሰዓት ይደራደሩ። ለሚፆም ሙስሊም ተጫዋች ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ከሱሁር ወዲህ ውኃ አልቀመሰም፣ ፀሐዩም አልበረደም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ወይም ለኢፍጣር ተቃርቦ የሚያልቅ ጨዋታ ይሻላል። ለአዘጋጁ ማመልከቻውን ከአንድ ወር በፊት ያስገቡ፤ ሌሎቹን አሰልጣኞችም አብረው ያስፈርሙ፤ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ቡድን ነው ያላችሁ።

ሁለተኛ፣ የሚፆመውን ከመጀመሪያው ያሰልፉትና በዕረፍት ወይም በ55ኛው ደቂቃ ያውጡት። ብዙዎች ተቀያሪ አድርገው በመጨረሻ ያስገቡታል፤ ያን ጊዜ ውኃ ጥሙ በርትቶ፣ እግሩ ቀዝቅዞ ነው። ልምምዱን ከኢፍጣር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት፣ ቀለል ብሎ፣ ኳስ ቅብብል ላይ ያተኮረ ያድርጉት። ከኢፍጣር በኋላ ቴምሩ፣ ሾርባው፣ ከዚያ ሩዝ ወይም እንጀራ በደንብ ይብላ፤ እስከ ሱሁር ድረስ ውኃውን በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። በአንድ ትንፋሽ የተጠጣ ሁለት ሊትር አይጠቅመውም።

የክርስቲያኑ ፆም ሌላ ጠባይ አለው። ችግሩ ለሃምሳ አምስት ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል መራቁ፣ ብዙዎቹም እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አለመቅመሳቸው ነው። ገብሳችን እዚህ ላይ ይረዳል፤ በሶ በማር ወይም በስኳር ተበጥብጦ ለጡንቻ ጥሩ ስንቅ ነው። ጡንቻውን ለመጠገን ምስር፣ ባቄላ፣ ሽሮና ቆሎ በብዛት ይቅረብ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆየውን ልጅ በዘጠኝ ሰዓት ጨዋታ ላይ ሙሉውን አያጫውቱት።

ለማንም ግን «ፆምህን ፍታ» አይበሉ፤ በተዘዋዋሪም ቢሆን። መንገደኛ ስለሆነ ወይም ስላመመው መፍታት ይችል እንደሆነ እሱ፣ ቤተሰቡ፣ ሼኹ ወይም የንስሐ አባቱ ያውቃሉ። የእርስዎ ሥራ ፆሞም አልፆመም ከቡድኑ ሳይወጣ የሚጫወትበትን ደቂቃ መፈለግ ነው። «ስለፆምኩ ነው ያላሰለፈኝ» ብሎ ያመነ ተጫዋች በሚቀጥለው ዓመት ድካሙን ይደብቅዎታል፤ ደብተርዎም ከዚያ በኋላ ዋጋ የለውም።

መንገዱን እንደ ልምምድ ይቁጠሩት

ከመካነ ሰላም ደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበት ታጥፎ፣ በአቀስታ በኩል የለጋምቦን ብርድ አቋርጦ መድረስ ቀኑን ይበላል። በወረዱበት ቀን ጨዋታ ካለ ያንን ጉዞ እንደ አንድ ከባድ ልምምድ በደብተሩ ላይ ያስፍሩ። ቢቻል አንድ ቀን ቀድመው ይድረሱ። የአንድ ሌሊት አልጋ ገንዘብ ከጠፋ፣ መንገድ ላይ በየሰዓት ተኩሉ ያቁሙና ሁሉም ወርደው ዐሥር ደቂቃ ይራመዱ፤ ረጃጅሞቹ ልጆች ከፊት ወይም ከመተላለፊያው አጠገብ ይቀመጡ። ዝናብ ወይም ሌላ ምክንያት መንገድ ዘግቶ ጨዋታ ሲተላለፍ፣ የተላለፈው ተመልሶ ከሌሎቹ ጋር እንደሚደረብ ያስቡ፤ ነፃ የሆነውን ሳምንት በከባድ ልምምድ አይሙሉት።

ከፍታውም የራሱ ሂሳብ አለው። መካነ ሰላም ከ2500 ሜትር በላይ ነው፤ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ። ከእኛ ወደዚያ የሚወርድ ተጫዋች ለትንፋሹ አይቸገርም፤ ሙቀቱ ግን ያልለመደውን ላብ ያስወጣዋል፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ለሚኮማተረው ባት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ያዘጋጁ። ወደ እኛ የሚመጣው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከቆላ ወይም ከረጅም የባሕር ዳር ቆይታ የተመለሰ ተጫዋች አንድ ሁለት ሳምንት እስኪያልፍ በአጭር ደቂቃ ይጀምር።

የሚቀመጠው ልጅና የሚጮኸው ደጋፊ

አሰላለፉን ሰሌዳ ላይ ከመለጠፍዎ በፊት የሚያሳርፉትን ተጫዋች ለብቻው ይጥሩት። ሦስት ነገር ይንገሩት፦ ለምን፣ እስከ መቼ፣ ምን እያደረገ እንደሚቆይ። «ወንድሜ፣ በስድስት ቀን 230 ደቂቃ ተጫውተሃል፤ ዛሬ ተቀምጠህ ዓርብ ትጀምራለህ፤ ከጨዋታው በኋላ ከተቀያሪዎቹ ጋር አትሮጥም፣ አንተ የምትተኛበት ቀን ነው።» ደብተሩን ያሳዩት። ያሉትን ዓርብ ደግሞ ይፈጽሙ። አንድ ጊዜ ቃልዎን ካጠፉ በሚቀጥለው ማንም አያምንዎትም። በክለቡ ያለው አበል ለተሰለፈ ብቻ የሚከፈል ከሆነ ከውድድሩ በፊት ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረው ያስተካክሉት፤ በአሰልጣኝ ትእዛዝ ያረፈ ልጅ ገንዘብ የሚቀርበት ከሆነ ድካሙን በእውነት አይነግርዎትም።

ደጋፊው ይጮኻል። በዕድሜ የገፉት በተለይ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ያለ ቅያሪ፣ ጭማሪ ሰዓቱን ጭምር እንደተጫወቱ ያነሱልዎታል። እውነት ነው፤ የይድነቃቸው ተሰማ ቡድን ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፈው በጭማሪ ሰዓት ነው። በአክብሮት የሚመልሱት ይህን ነው፦ ከቱኒዚያ ጋር የተጫወቱት ጥር 6፣ ለፍጻሜ የተሰለፉት ጥር 13 ነበር። በመካከሉ ሙሉ ሳምንት አለ። ለእኛም ሳምንት ቢሰጡን እነዚያኑ ዐሥራ አንድ እናሰልፍ ነበር። አስቶን ቪላም እ.ኤ.አ. በ1981 የእንግሊዝን ሊግ በ14 ተጫዋቾች ብቻ ሲያሸንፍ በአውሮፓ ውድድር አልነበረም፣ ከአገር ውስጥ የጥሎ ማለፍ ዋንጫዎችም በጊዜ ወጥቷል። ጥቂት ተጫዋች ይዞ ማሸነፍ የሚቻለው ጨዋታው ሲራራቅ ነው።

የኮሚቴ አባል ወይም ገንዘብ የረዳ ሰው የዘመዱን ልጅ እንዲያሰልፉለት ሲጠይቅም የሚያወጡት ያንኑ ደብተር ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር የሚይዝ አሰልጣኝ ለማንም አላደላም ብሎ መከራከር አይጠበቅበትም።

እስከ መጨረሻው ከደረሱ

ግማሽ ፍጻሜ ወይም ፍጻሜ ላይ ማሳረፍ ያበቃል፤ ያለዎትን ሁሉ ያሰልፋሉ፤ ከሐኪም ወይም ከወጌሻ «አይቻልም» ከተባለው በቀር። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይቀራል፦ ጨዋታው ወደ መለያ ምት ሊሄድ ይችላልና የሚመቱትን ሰባት ስም በቅደም ተከተል ከጨዋታው በፊት ይጻፉ፤ በ80ኛው ደቂቃ ላይ ሲቀይሩ ወረቀቱን አይተው ይቀይሩ። ሁለቱን ምርጥ መቺዎች አስወጥቶ የቀረ ቡድን አይቻለሁ።

ወደ ከተማዎ ሲመለሱ ደብተሩን እንደገና ይክፈቱ። በውድድሩ ከ270 ደቂቃ በላይ የተጫወተ አራት ቀን ኳስ አይንካ፤ ለትምህርት ቤቱም፣ ለቀበሌውም ቢሆን፤ ይህን ለመምህሩ ራስዎ ይንገሩት። ከ90 በታች የተጫወተው ግን በሁለተኛው ቀን ልምምድ ይጀምር፣ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ጨዋታም እሱ ይጀምራል።